ከማማው በፊት ምጣዱን ቁጠሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች 3ቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ነፋስ መብራት የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው የብዙ ሰው ገንዘብ ያለበት ስለሆነ መልሴ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከጣርማ በር ብዙም በማትርቅ አንዲት የደጋ መንደር የተወለድን ሰዎች ማህበር አለን። መንደራችን 60 አባወራ ይኖርባታል፤ መብራት እስካሁን አልገባላትም። ነፋሷ ግን በጥር ራስ ላይ ባርኔጣ አያስቀምጥም። 2 ዓመት ያዋጣነው ገንዘብ ባለ 5 ኪሎዋት የነፋስ ተርባይን ከነባትሪው ሊገዛልን ነው። ሻጩ «5 ኪሎዋት በ24 ሰዓት 120 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣችኋል፤ ለእንጀራ ምጣድም ይተርፋል» ብሎናል። እናቶቻችን ከጭስ ይውጡልን ብለን ነው የተነሳነው። እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ገና ካልከፈላችሁ ለጊዜው ያዙት። ይቅርባችሁ ማለቴ አይደለም። መንደራችሁ በነፋስ መብራት ልታገኝ ትችል ይሆናል፤ የተነገራችሁ ሂሳብ ግን ልክ አይደለም። በዚያ ሂሳብ ተማምናችሁ ማማውን ብታቆሙ ከዓመት በኋላ የምትጣሉት ከሻጩ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳችሁ ነው።

1 ኪሎዋት ሰዓት ማለት የ1 ኪሎዋት ጉልበት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ማለት ነው፤ የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው። 5 በ24 ተባዝቶ 120 የሚመጣው ተርባይኑ ሌት ተቀን በሙሉ አቅሙ ሲዞር ብቻ ነው። እንዲያ የሚዞር ተርባይን የትም የለም። 5 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ በሚሮጥ ነፋስ ላይ የሚሰጠውን ነው። የነፋስ ነገር ደግሞ ከባድ ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ በግማሽ አይቀንስም፣ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ጥሩ ነፋስ ባለበት ቦታ አነስተኛ ተርባይን በአማካይ የሙሉ አቅሙን አንድ አምስተኛ ከሰጠ ደህና ሰርቷል እላለሁ። ያ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መንደራችሁ ከባህር ወለል 3,000 ሜትር ላይ ከሆነች አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ይቀነሳል፤ 18 ቀረ። ባትሪውና ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚለውጠው መሣሪያ) የሚያባክኑት ሲነሳለት እጃችሁ የሚገባው 14 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ለ60 ቤት አካፍሉት፤ ለአንድ ቤት በቀን 240 ዋት ሰዓት ይደርሰዋል።

ትንሽ መሰለዎት? እስቲ በአንድ ቤት እንየው። ባለ 5 ዋት 3 ኤልኢዲ አምፖሎች ማታ 5 ሰዓት ቢበሩ 75 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። 2 ስልክ ለመሙላት 20። ባለ 5 ዋት ሬዲዮ 6 ሰዓት ቢከፈት 30። ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን 2 ሰዓት ቢታይ 80። ድምሩ 205 ነው፤ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል። ኩራዝ ከመንደሩ ይወጣል፣ ልጆች ማታ ያጠናሉ፣ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ መሄድ ይቀራል። ለእኔ ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ምጣዱ ነው የማይሆነው። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ፣ በቅዳሜው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ቆጣሪያችን ሥር ተቀመጥኩ። አምፖሉን ሁሉ አጠፋሁ፣ ፍሪጁንም ነቀልኩ። እህቴ ምጣዱን ሰካች። ምጣዱ ግሎ የመጀመሪያው ሊጥ እስኪዞርበት ድረስ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ፤ አንድ እንጀራ እንኳ ገና አልወጣም። 32 እንጀራ ጋግራ አከምባሎውን ለመጨረሻ ጊዜ ስትከድን ቆጣሪው የቆጠረው 4.6 ነበር። ይህ በእናንተ መንደር የ19 ቤት የቀን ድርሻ ነው። አንዲት እናት ስትጋግር 19 ቤት ጨለማ ውስጥ ያድራል ማለት ነው። ሁለት እናቶች እኩል ቢሰኩ ደግሞ ሁለቱ ምጣዶች 7 ኪሎዋት ስለሚጠይቁ መስመሩ ያኔውኑ ይወድቃል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በእኛ ቤት አንድ ነገር ተለውጧል። እህቴና የታችኛዋ ጎረቤታችን ቀን ተነጋግረው በአንዱ ምጣድ ተከታትለው ይጋግራሉ። ለሁለተኛዋ ምጣዱ ግሎ ይጠብቃታል፤ ያ 0.9 ተረፈ። በዚያ ላይ ቡናው አብሮ ይፈላል።

ስለ ነፋሱ ልመለስ። ያደግሁት መንዝ ነው፤ ባርኔጣ የሚነጥቀውን ነፋስ አውቀዋለሁ። አባቴ በታኅሣሥ አውድማው ላይ ላይዳውን ይዞ ሲቆም ነፋሱን ይጠብቅ ነበር። ጠዋት አይመጣም። ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ይነሳል፣ አባቴም ምርቱን ወደ ላይ እየበተነ ያዘራል፤ ገለባው ስንት እርምጃ ርቆ እንደሚወድቅ አይቶ ነፋሱ እስከ መቼ እንደሚቆይ ይናገር ነበር። ሲመሽ ግን ጸጥ ይላል። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ከሆነና መብራቱ የሚፈለገው ማታ ከሆነ፣ ሁሉ ነገር በባትሪው ውስጥ ማለፍ አለበት። በክረምት ነፋሱ ይደክም እንደሆነም ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያዘሩ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ግን በመሣሪያ ለኩ። መዝጋቢ ያለው የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ዋጋው ከተርባይኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ተርባይኑ የሚቆምበት ከፍታ ላይ ስቀሉትና ዓመት ሙሉ ይመዝግብ። አማካዩ በሰከንድ 6 ሜትር ከሆነ ደስ ይበላችሁ። 4 ሜትር ተኩል ከሆነ ግን ጉልበቱ ከግማሽ በታች ነውና ገንዘባችሁን ለፀሐይ ሰሌዳ አውሉት፤ አያሳፍርም። ማማው የሚተከልበትን ስትመርጡም ከባሕር ዛፉ ራቁ። በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ዛፍም ሆነ ቤት ሁሉ የተርባይኑ ክንፍ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከዛፍ ጀርባ የተበጣጠሰ ነፋስ ኃይል አይሰጥም፤ ተርባይኑን ግን ያንገላታዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ኤግ የምትባል ደሴት አለች፤ ነዋሪዎቿ 100 ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው ደሴቲቱን ከባለርስቷ ገዙ። መብራት ግን እስከ 2008 በአብዛኛው በየቤቱ በሚንኳኳ የናፍጣ ጀነሬተር ነበር። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የራሳቸውን መስመር ለኮሱ፦ ከተራራ በሚወርድ ውኃ የሚሠሩ ማመንጫዎች፣ የፀሐይ ሰሌዳ፣ 4 ባለ 6 ኪሎዋት የነፋስ ተርባይኖች፣ አንድ ቤት ሙሉ ባትሪ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ናፍጣ። የሚጠግኑትም ከራሳቸው መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው።

እኔን የገረመኝ ተርባይናቸው አይደለም፤ ውላቸው ነው። ማንኛውም መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ አይስብም፤ የንግድ ቤት ከ10 በላይ አይስብም። ያለፈ ይቋረጥበታል። የእኛ ምጣድና አንድ የውኃ ማፍያ እኩል ቢሰኩ እዚያ ቤት መብራቱ ድርግም ይላል። ወሰኑ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው። ነፋሱና ውኃው ሲያንስ «ቀንሱ» ይባባላሉ፣ ይቀንሳሉም። ሲተርፍ ደግሞ ትርፉ የጋራ አዳራሻቸውን ያሞቃል። ትንሽ ማመንጫ ለአንድ ሙሉ ደሴት የበቃው ሰዎቹ አስቀድመው ስለ ልካቸው ተነጋግረው ስለተስማሙ ነው።

እናንተም ማማው ሳይቆም ተነጋገሩ። በየቤቱ ባለ 1 አምፔር ብሬከር (ከልክ በላይ ሲሳብ መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ) ቢገባ ማንም በአንድ ጊዜ ከ220 ዋት በላይ መሳብ አይችልም፤ ካውያና ምጣድ በዚያ ይገታሉ። ብሬከሩ የማይገታው አለ፤ ቴሌቪዥኑን ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ የሚተኛውን። እሱን የሚገታው እድራችሁ ነው። ሰነፍ ቀባሪን የሚቀጣ ዳኛ ካላችሁ ሌሊት የሚያባክንንም ይቀጣል። ይህን ውል ከሜሪላንድ አትጻፉላቸው። እዚያው ይነጋገሩበት፤ ሴቶቹም ይቀመጡበት፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሚበራና ለምን እንደሚበራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ገንዘቡንም ሁሉ ለተርባይን አትጨርሱ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቆሞ የቀረ ተርባይን አይቻለሁ። መሰላል ተደግፎልኝ ወጣሁ። ክንፉን በእጄ ሳዞረው ግርርር አለ፤ ኩሽኔታው ግሪስ አጥቶ ደርቋል። የተበላሸው ያ ብቻ ነበር። የሚለውጠው አልሠለጠነም፣ መለወጫ ገንዘብ አልተቀመጠም፣ ባትሪዎቹም ሳይሞሉ ከርመው ሞተዋል። ጥበቃው በባትሪዎቹ ሳጥን ላይ ጤና አዳም ተክሎበታል። ያን ቀን እንዳዘንኩ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። ከመንደሩ ሁለት ወጣቶችን፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፣ ከመግዛታችሁ በፊት አስተምሩ። በየወሩ ከየቤቱ የምትሰበሰብ ትንሽ መዋጮም በእድሩ ገንዘብ ያዥ እጅ ትቀመጥ፤ ለኩሽኔታ፣ ለግሪስ፣ ኋላም ለባትሪ።

ስለ ጭሱ ያነሱት ነገር ልቤን ነክቶታል። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች ነው ያሳደገችን። ግን ይህ ተርባይን እናቶቻችሁን ከጭስ አያወጣቸውም፤ ይህን ሳልነግርዎ ብቀር በደልኩዎት ማለት ነው። ለዚያ ካዋጣችሁት ላይ ጥቂቱን ቀንሳችሁ ለ60ዎቹም ቤቶች «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀውን የእንጀራ ምድጃ ግዙ። እሳቱ ዙሪያውን ስለሚታጠር ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያድናል። የጭስ መውጫውን ደግሞ ከጣሪያ በላይ አስወጡት። ይህንን ነገ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ነፋስ መለካት አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የምጽፍልሽ ከአዳማ ነው፤ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ማዶ ነጫጮቹ የነፋስ ማመንጫዎች ሲሽከረከሩ አያለሁ። እነሱ እየዞሩ እኔ ቤት መብራት ይጠፋል። በዓል ሲደርስማ ይብሳል። ለማን ነው የሚያመነጩት? አጠገባቸው ላለነው ለምን አይሰጡንም?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ማዶ እየዞረ እዚህ ሲጨልም ያናድዳል። የሚያዩዋቸው በሁለት ዙር የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 ያለቀው 34 ተርባይኖች ያሉት ነው፣ 51 ሜጋዋት። ሁለተኛው በ2015 የተጨመረው 102 ተርባይኖች አሉት፣ 153 ሜጋዋት። ሁሉም የሚያመነጩት ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ይገባል። በአንድ ትልቅ ጋን ውስጥ ውኃ እንደመጨመር ይቁጠሩት፤ ከጋኑ የሚቀዳው አገር ሁሉ ነው፤ የቀጂው ቤት ጋኑ አጠገብ ቢሆንም ባይሆንም ለውጥ የለውም።

እርስዎ ጋ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከጋኑ ጎድሎ ሳይሆን ወደ ሰፈራችሁ የሚያደርሰው መንገድ ሲታመም ነው፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ ምሰሶ ይዘማል፣ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። በዓል ሲደርስ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በዋዜማው ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ይሰካል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር 40 ምጣድ እኩል ቢሰካ ብቻውን 140 ኪሎዋት ነው፤ ፍሪጁና ምድጃው ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር አንድ ነገር ይሞክሩ። ለመጪው በዓል ቀንና ሰዓት ተከፋፈሉ፤ ግማሹ ከሁለት ቀን በፊት ይጋግር፣ ግማሹ በዋዜማው ጠዋት። እርስዎ በሰፈሩ የሚደመጡ እናት ይመስሉኛል፤ እርስዎ ካሉ ይሆናል። በረንዳዎ ላይ ሆነው የሚያዩት ነፋስም ከንቱ እየነፈሰ እንዳይመስልዎ። በበጋ፣ ግድቦች ውኃ በሚያጥራቸው ወራት፣ የነፋሱ ኃይል ይበረታል፤ ያኔ ተርባይኖቹ ሲሠሩ ከእናንተ ብዙም የማይርቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ውኃውን ይቆጥባል። ሲቆሙ ካዩዋቸውም ሁልጊዜ ተበላሽተው አይደለም። በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ካልነፈሰ ማመንጨት አይጀምሩም።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ተማሪ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። ከአሮጌ መኪና የወጣ ዲናሞ አለኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ክንፍ ሠርቼ አያቴ ቤት (ገጠር ነው) 4 ባለ 60 ዋት አምፖል ላበራላት አስቤያለሁ። ዲናሞው ይሠራል ወይ? ሥዕሉን ልኬልሃለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድ መስዬህ ነበር፤ ምንም አይደል። ሥዕልህ ጥሩ ነው፤ የክንፉን ጠመዝማዛ ከሥሩ ወደ ጫፉ እያሳሳህ መሳልህን ወድጄዋለሁ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በባሕር ዳር ከፍታ፣ 1,800 ሜትር ገደማ፣ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 2 ሜትር ስፋት ባለው ክንፍ ውስጥ ሲያልፍ 200 ዋት ያህል ጉልበት ይዟል። ያን ሁሉ መያዝ አይቻልም። አልበርት ቤትዝ የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እንዳሳየው ከ59 በመቶ በላይ ማንም አይዝም፤ በእጅ የተሠራ ደግሞ 30 በመቶ ከያዘ ተመስገን ነው። ስለዚህ 60 ዋት ታገኛለህ። የመኪና ዲናሞ ግን ማግኔቱን ለማንቃት ራሱ ከባትሪው 30 ወይም 40 ዋት ይበላል። በዚያ ላይ ደህና ማመንጨት የሚጀምረው በደቂቃ ከ1,000 ዙር በላይ ሲዞር ነው፤ ያንተ ክንፍ በዚህ ነፋስ 300 ዙር ቢያደርግ ነው። እሱን ተወው። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ፈልግ፤ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የጎማ ሞተር ካገኘህ ለጅምር በጣም ጥሩ ነው፣ በቀስታ ሲዞርም ያመነጫል።

4ቱ አምፖሎችህ 240 ዋት ይጠይቃሉ። ያን ለማግኘት የክንፉ ስፋት 4 ሜትር መሆን አለበት፤ ያን የሚሸከም ማማ ደግሞ አያትህ ግቢ ውስጥ እንድታቆም አልመክርህም። ይልቅ አምፖሎቹን ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አድርጋቸው። 4ቱ 28 ዋት ብቻ ይወስዳሉ፤ 2 ሜትሩ ክንፍህ ይበቃል፣ በባትሪ የምታስቀምጠውም ይተርፍሃል።

ክንፉን ከመስቀልህ በፊት ሁለት ነገር ሠርተህ አሳየኝ። አንደኛው፣ ባትሪው ሲሞላ ትርፉን የሚያቃጥል ሬዚስታንስ። ሁለተኛው ማቆሚያው፤ ከሞተሩ የሚወጡትን 3 ገመዶች እርስ በርሳቸው የሚያገናኝ ማብሪያ ከማማው ሥር፣ እጅህ በሚደርስበት ቦታ አድርግ። ማዕበሉ ሳይደርስ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል ስታገናኛቸው ክንፉ ይያዛል። ማዕበል ሲመጣ መሰላል መውጣት የለብህም፤ አያትህም ራሳቸው ማጥፋት መቻል አለባቸው። የባትሪውን ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳትርቅ አስገባ። ሥዕሉን አስተካክለህ መልሰህ ላክልኝ፤ የገመዱን ውፍረት በሚቀጥለው ወር እናሰላለን።